ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ያለው ክርስትናችን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በዚህ ትምህርት አብረን የምንመረምረው አንድ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም በዐውደ ምሕረት የሰማነው ቃል በሥራ ቦታችን እንዴት ፍሬ ያፈራል? የሚለው ነው።

አንድ ሳምንት 168 ሰዓት አለው። ከዚህ ውስጥ በእሑድ ቅዳሴ፣ በመዝሙር ጥናትና በጉባኤ የምናሳልፈውን ብንደምረው ዐሥር ሰዓት ቢሞላ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 ደግሞ መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይደነግጋል። እንግዲህ የእንቅልፉንና የመንገዱን ጊዜ ብንቀንስ፣ ከቀረው ዕድሜያችን ትልቁ ድርሻ የሚያልፈው በቢሮ፣ በሱቅ፣ በፋብሪካ፣ በሆስፒታል፣ በመኪና ላይና በግንባታ ቦታ ነው ማለት ነው። ክርስትናችን ነጠላችንን አጣፍተን በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ በምንቆምባቸው ሰዓታት ብቻ ከተወሰነ፣ ከሕይወታችን የሚበልጠው ክፍል ያለ ክርስቶስ ቀረ ማለት ነው። በሰኞ ጠዋት ቱታ ወይም ጋውን ስንለብስ፣ ሽርጥ ስንታጠቅ፣ የጥምቀት ልጅነታችንን ከነጠላው ጋር አጥፈን በሣጥን አናስቀምጠውም።

፩. ሥራ ከወዴት መጣ?

ብዙ ሰው ሥራን የአዳም እርግማን አድርጎ ይቆጥረዋል። መጽሐፍ ቅዱስን ከመጀመሪያው ብናነብ ግን ነገሩ እንዲህ አይደለም። አዳም ገነትን እንዲያበጃትና እንዲጠብቃት የተቀመጠው ከመበደሉ በፊት ነው (ዘፍ. 2፥15)። ከበደል በኋላ የመጣው ድካሙ፣ ላቡና እሾሁ ነው እንጂ ሥራው ራሱ አይደለም (ዘፍ. 3፥17-19)። ስለዚህ ሥራ ከእግዚአብሔር የተሰጠ አደራ ነው፤ ድካሙን ደግሞ በትዕግሥት እንሸከመዋለን።

ጌታችን በሥጋዌው ወራት የናዝሬት ሰዎች የሚያውቁት በጠራቢነት ነበር (ማር. 6፥3)። በዮርዳኖስ ከመጠመቁና በአደባባይ ማስተማር ከመጀመሩ በፊት ሠላሳ ዓመት ያህል በእናቱ ቤት እየታዘዘ ኖረ (ሉቃ. 2፥51፤ 3፥23)። ቅዱስ ጳውሎስም በቆሮንቶስ ከአቂላና ከጵርስቅላ ጋር ድንኳን እየሰፋ በእጁ ይሠራ ነበር (ሐዋ. 18፥1-3)። በኢዮጴ የነበረችው ጣቢታ ስትሞት መበለቶቹ ለጴጥሮስ እያለቀሱ ያሳዩት የሠራችላቸውን ልብስ ነው (ሐዋ. 9፥36-39)። ስለ እርሷ የመሰከረላት ንግግሯ ሳይሆን ስፌቷ ነበር።

የገዳም አባቶችም ከዚህ ወገን ናቸው። በ4ኛው መቶ ዓመት በግብፅ የአንድነትን ኑሮ የመሠረተው ቅዱስ ጳኩሚስ መነኮሳቱ ሰሌን እየታቱ፣ እያረሱ፣ እየጋገሩ፣ በዚያው ላይ እየጸለዩ እንዲኖሩ ሥርዓት ሠራላቸው። በአገራችን የአንድነት ገዳማትም አርድእቱ በጋራ ሠርተው በአንድ ማዕድ ይመገባሉ። እንግዲህ ዓለምን የናቁት አባቶች ሥራን ካልናቁ፣ በዓለም የምንኖር እኛ እንዴት እንንቀዋለን?

፪. የተናቀ ሥራ የለም

በአገራችን ሸማ የሚሠራው፣ ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ቆዳ የሚፍቀውና ሸክላ የምትሠራው በሙያቸው ስም የሚሰደቡበት ዘመን ረጅም ነበር። ማረሻውን፣ ጋቢውን፣ ምጣዱንና እንስራውን የሚፈልግ ሁሉ ሠሪውን ይንቅ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባስነገሩት አዋጅ ሠራተኛን በሥራው ምክንያት መስደብን ከለከሉ። አዋጁ ከተነገረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗል፤ የንቀቱ ሥር ግን ገና ፈጽሞ አልተነቀለም። ዛሬም ዲግሪ ይዞ በእጁ የሚሠራ ወጣት ከዘመድ ፊት ሲያፍር፣ ጎዳና የምትጠርግ እናት ልብሷን ሸፍና ስትሄድ እናያለን።

በዚህ ረገድ ቤተ ክርስቲያናችን የምትተርክልን የጫማ ሰፊው የስምዖን ታሪክ አለ። በ10ኛው መቶ ዓመት በግብፅ፣ በፓትርያርክ አብርሃም ዘመን፣ ክርስቲያኖች በወንጌል እንደተጻፈው ተራራ በእምነት ማንቀሳቀስ እንዲያሳዩ ከገዢው ዘንድ ታዘዙ። ሦስት ቀን ከጾሙና ከጸለዩ በኋላ ለፓትርያርኩ የተጠቆመው ሰው ጳጳስ ወይም መኰንን አልነበረም። በማለዳ ተነሥቶ ለድኆችና ለሕመምተኞች ውኃ የሚቀዳ፣ ቀኑን በቆዳና በጫማ ሥራ የሚውል፣ ማንም ልብ ብሎ ያላየው ሰው ነበር። የሙቀጠም ተራራ በጸሎታቸው እንደ ተነሣ ቤተ ክርስቲያን ትመሰክራለች፤ ዛሬም በካይሮ ከዚያው ተራራ ሥር በስሙ የተሰየመ ገዳም አለ። ከታሪኩ ለእኛ የሚጠቅመን አንድ ነገር እንያዝ፤ ስምዖን ቅዱስ የሆነው ጫማ መስፋቱን ትቶ አይደለም፣ እየሰፋ ነው።

፫. በሥራ ቦታ የሚያጋጥሙን አራት ፈተናዎች

ሀ. የሰዓት ፈተና

በሰዓት ፊርማ መዝገብ ላይ ፈርሞ መውጣት በብዙ መሥሪያ ቤት እንደ ቀላል ነገር ይታያል። የእጅ ቦርሳን ወይም ኮትን በወንበር ላይ ትቶ መሄድም የታወቀ ዘዴ ነው። ለእኛ ለቤተ ክርስቲያን ልጆች ደግሞ ከዚህ የሚረቅ ፈተና አለ። በወሩ በ12 ቅዱስ ሚካኤልን፣ በ19 ቅዱስ ገብርኤልን፣ በ21 እመቤታችንን፣ በ27 መድኃኔ ዓለምን ለመሳለም እንሻለን፤ መልካምም ነው። ነገር ግን በሥራ ሰዓት ሳያስፈቅዱ ወጥቶ በሦስት ሰዓት የጀመረውን ስንብት እስከ ስድስት ሰዓት ማስረዘም ምን ይባላል?

እስኪ ከመስኮቱ ወዲያ የቆሙትን እናስብ። ከገጠር የመጡ አንዲት እናት የሟች ባለቤታቸውን ይዞታ በስማቸው ለማዞር ተሰልፈዋል። ለአንድ ሌሊት የሚሆን የአልጋ ገንዘብ ብቻ ይዘዋል። «ባለጉዳዩን የሚያስተናግደው ሰው የለም፣ ነገ ይምጡ» ይባላሉ። ሰውየው ያለው በቤተ ክርስቲያን ደጅ ነው፤ ቆሞ ይጸልያል። የእኒያ እናት እንባ ግን ጸሎቱን ቀድሞ ወደ እግዚአብሔር ይደርሳል። ፍቅርና ምሕረት የሌለበትን ስግደት እግዚአብሔር እንደማይቀበለው ነቢዩ ኢሳይያስ በመጀመሪያው ምዕራፍ ላይ ገልጦ ጽፎታል።

መፍትሔው በዓሉን መተው አይደለም። በኪዳን ሰዓት ማልዶ መሳለም ይቻላል። አስፈቅዶ ወጥቶ የጎደለውን ሰዓት ማካካስም ይቻላል። ከዓመት ፈቃድ ላይ ቀን መቁጠርም ይቻላል። የማይቻለው የሰው ሰዓት ሰርቆ ለእግዚአብሔር መስጠት ነው።

በዚሁ አንጻር ስለ እሑድ ሥራም አንድ ቃል እንናገር። የነርስ፣ የመብራት ሠራተኛ፣ የእሳት አደጋ ተከላካይ፣ የጥበቃ ተራ በሰንበት ሊወድቅ ይችላል። ጌታችን በሰንበት ሕሙማንን ፈውሷል፤ በጉድጓድ የወደቀውን በሬ በሰንበት ማውጣት እንደሚገባም አስተምሯል (ሉቃ. 14፥1-6)። በሰንበት ቀን የታመመውን ታገላብጥ ዘንድ የተመደበች እኅታችን ከቅዳሴ ቀረሁ ብላ አትጨነቅ። በሌላ ቀን ቅዳሴ ታስቀድስ፤ ማኅበራችንም ያመለጣትን ትምህርት በማስታወሻ ይያዝላት።

ለ. የሚዛንና የደረሰኝ ፈተና

በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 ላይ እግዚአብሔር ሕዝቡን ቅዱሳን እንዲሆኑ ካዘዘ በኋላ፣ ቅድስናቸው በምን እንደሚታይ ሲዘረዝር ሚዛኑንና መስፈሪያውን ይጠቅሳል፤ የሠራተኛው ደመወዝ እንዳያድር ይጠቅሳል። ቅድስና በሚዛን ላይም ይታያል ማለት ነው።

ነቢዩ አሞጽ በምዕራፍ 8 ላይ የሚወቅሳቸው ነጋዴዎች ሰንበትን የሻሩ ሰዎች አልነበሩም። ሱቃቸውን ዘግተው ሰንበትን ያከብሩ ነበር። ዳሩ ግን በልባቸው ሰንበቱ መቼ አልፎ መስፈሪያውን እናሳንስ፣ ሚዛኑንም እናጣም እያሉ ይቸኩሉ ነበር። ይህ ለእኛ የሚያስፈራ ቃል ነው። በበርበሬ ውስጥ ባዕድ ነገር እየቀላቀለ፣ በማር ላይ ስኳር እየጨመረ፣ ቅቤውን ከሌላ ስብ ጋር እያዋሐደ ረቡዕና ዓርብን የሚጾም ሰው ጾሙ ምን ይጠቅመዋል? የሚበላው ሰው ቢታመም ተጠያቂው ማን ነው?

የደረሰኙም ነገር እንዲሁ ነው። «በደረሰኝ ይሁን ያለ ደረሰኝ?» የሚለው ጥያቄ በየሱቁ የተለመደ ሆኗል። ገዢው 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ የከፈለ ከሆነ፣ ያ ገንዘብ የነጋዴው ትርፍ አይደለም፤ በእጁ ያለ የሕዝብ አደራ ነው። ግብሩ ከበደ፣ ሥርዓቱ ከተንዛዛ፣ ይህን በማኅበር ሆኖ ማመልከትና መከራከር ተገቢ ነው። ሐሰተኛ ደረሰኝ መጻፍ ግን አቤቱታ አይደለም፣ ሐሰት ነው።

ሐ. የእጅ መንሻ ፈተና

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት ከአገራችን ተረቶች ሁሉ ብዙ ወጣት ያበላሸ ሳይሆን አይቀርም። ተረቱ ሹመትን እንደ ሠርግ ቤት ያየዋል፤ የገባ ሁሉ ጠግቦ ካልወጣ ሞኝ ነው ይላል። በመንግሥት በኩል የፌዴራል የሥነ ምግባርና የፀረ ሙስና ኮሚሽን ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ ተቋቁሟል። ለክርስቲያን ግን ትእዛዙ ከዚያ እጅግ የቀደመ ነው።

መጥምቁ ዮሐንስ በዮርዳኖስ ዳር ሲያስተምር ቀራጮች ምን እናድርግ ብለው ጠየቁት። ሥራችሁን ትታችሁ ወደ በረሃ ተከተሉኝ አላላቸውም፤ ከታዘዘው አብልጠው እንዳይሰበስቡ ነገራቸው። ወታደሮቹንም ማንንም እንዳያስገድዱ፣ በሐሰት እንዳይከስሱ፣ ደመወዛቸውም እንዲበቃቸው መከራቸው (ሉቃ. 3፥12-14)። እነሆ፣ ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት የተሰጠ የመሥሪያ ቤት መመሪያ ይህ ነው።

ስጦታና ጉቦ አንዳንድ ጊዜ ይመሳሰላሉ። ባላገር ባለጉዳይ ለምስጋና ዶሮ ወይም ማር ይዞ ይመጣል፤ እንቢ ቢሉት ደግሞ ያዝናል። ስለዚህ ሦስት መለያዎች እንያዝ።

አንደኛ፣ በዚህ ወንበር ላይ ባልቀመጥ ይህን ይሰጠኝ ነበርን?

ሁለተኛ፣ ሲሰጠኝ የሥራ ባልደረቦቼ ሁሉ ቢያዩኝ አላፍርምን?

ሦስተኛ፣ ነገ ስጦታ የሌለው ደኃ ሲመጣ በእኩል ፊት እቀበለዋለሁን?

ከሦስቱ አንዱ ካጠራጠረን፣ በለሆሳስና በምስጋና መመለስ ይሻላል። «አባቴ፣ ይህን ልሠራልዎ መንግሥት ደመወዝ ከፍሎኛል፤ ምርቃትዎ ይበቃኛል» ቢባል ሽማግሌው ሳያፍሩ ይሄዳሉ።

መ. የምላስና የፊት ፈተና

ቀሪው ፈተና ገንዘብ የለበትም። የአለቃን ስም በሻይ ሰዓት ማንሣት፣ የባልደረባን ጉድለት ወደ አለቃ ማመላለስ፣ ባለጉዳይን ዓይኑን ሳያዩ መመለስ፣ ይህ ሁሉ ሥራችንን ያረክሰዋል። በተለይ በዐቢይ ጾም ወቅት ከሰዓት በኋላ ረኀቡ ሲበረታ ፊታችን ሊጠቁርና ቃላችን ሊሻክር ይችላል። ጌታችን ስንጾም ፊታችንን እንድንታጠብና ለሰው እንዳንታይ ያስተማረን (ማቴ. 6፥16-18) ለዚህም ይጠቅመናል። በእኛ ጾም ባለጉዳይ ሊቀጣበት አይገባም። ቆሎ ባንበላም ቃል እናጣፍጥ።

፬. አንድ ጉዳይ በዝርዝር

አሁን ደግሞ ለውይይት የሚሆን አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንዲት እኅት በአንድ መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ተመድባለች እንበል። መቶ ደስጣ ወረቀት ተገዝቶ ይመጣል፤ ስትቆጥረው ሰማንያ ነው። የቅርብ አለቃዋ «ለመቶው ሞዴል 19 ቁረጪ፤ ቀሪው ሃያ በሚቀጥለው ሳምንት ይገባል» ይሏታል። ባልደረቦቿም «ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚሠራው፤ አዲስ ነገር አታምጪ» ይሏታል። እናቷ በደመወዟ ይጦራሉ፤ የሁለት ታናናሾቿን የትምህርት ቤት ወጪም የምትችለው እርሷ ናት። ምን ታድርግ?

በመጀመሪያ ነገሩን እንወቅ። ሞዴል 19 ንብረቱ በእርግጥ ገብቷል ብሎ የሚመሰክር ሰነድ ነው። በእርሱ ላይ የሚያርፈው ፊርማ እንደ ምስክር ቃል ነው። ያልገባውን ገባ ብሎ መፈረም በሐሰት አትመስክር የሚለውን ትእዛዝ መሻር ነው። ደግሞም ሃያው ደስጣ ባይመጣ በኦዲት ጊዜ የሚጠየቀው ያዘዘው ሳይሆን የፈረመው ነው። ስለዚህ ለነፍሷም ለኑሮዋም የሚበጀው አንድ ነው፤ ለገባው ሰማንያ ሰማንያ ብላ መቁረጥ።

ሁለተኛ፣ እንዴት ትናገር? በጉባኤ መካከል ጮኻ አለቃዋን ሌባ ብትል እውነቷን በቍጣ ታበላሸዋለች። ምናልባትም ሰውየው በእርግጥ የቸኮለ እንጂ የሰረቀ ላይሆን ይችላል። ጌታችን በማቴዎስ ምዕራፍ 18 ወንድምን መጀመሪያ ለብቻ፣ ቀጥሎ በሁለት ወይም በሦስት ምስክር፣ በመጨረሻ በጉባኤ ፊት ስለ መገሠጽ ያስተማረውን ሥርዓት እንከተል። እንግዲህ ለብቻቸው ገብታ «አባባ፣ ለሰማንያው አሁኑኑ እቆርጣለሁ፤ ሃያው እንደ ገባ በዚያው ቀን ሌላ ሞዴል እቆርጣለሁ፤ ሥራው አይዘገይም፣ እርስዎም አይጠየቁም» ትበል። ይህ የሰውየውን ክብር ይጠብቃል፤ ቅን ከሆኑም መውጫ ይሰጣቸዋል።

ሦስተኛ፣ እምቢ ቢሏትስ? ሰማንያ ብቻ እንደ ተረከበች በጽሑፍ ማስታወሻ አቅርባ ግልባጩን ትያዝ። ነገሩ ከገፋ ለበላይ ኀላፊ ወይም ለውስጥ ኦዲት ታመልክት። ከሥራ ባልደረቦቿም መካከል እውነትን የሚወድ አንድ ሰው አታጣም፤ ብቻዋን አትቁም።

አራተኛ፣ ዋጋ ቢያስከፍላትስ? እዚህ ላይ እርስ በርሳችን መሸነጋገል የለብንም። እውነት የሠራ ሁሉ ወዲያው ይሾማል ብሎ ማስተማር ውሸት ነው። ዮሴፍ ወደ ግብፅ ሲሸጥ የ17 ዓመት ልጅ ነበር (ዘፍ. 37፥2)፤ በፈርዖን ፊት ሲቆም ዕድሜው 30 ነበር (ዘፍ. 41፥46)። በመካከሉ 13 ዓመት አለ። በጶጢፋራ ቤት ታማኝ ሆኖ ስለ ተገኘ የተከፈለው እስር ቤት ነው። በእስር ቤትም ታማኝ ሆኖ የረዳው ሰው ረሳው። እግዚአብሔር ግን በጶጢፋራ ቤትም በእስር ቤቱም ከእርሱ ጋር እንደ ነበረ መጽሐፉ ደጋግሞ ይነግረናል። የተስፋችን መሠረት ይህ ነው፤ ሹመቱ ሳይሆን አብሮነቱ። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይላሉ አበው፤ ዳሩ ግን እስኪነጋ ድረስ ሌሊት አለ።

አምስተኛው ጥያቄ ወደ እኛ ወደ ማኅበሩ የሚመለስ ነው። ይህች እኅት ብትታገድ እኛ ምን እናደርጋለን? «በርቺ፣ እንጸልይልሻለን» ብቻ ብለን ወደ መዝሙር ጥናታችን እንገባለን ወይስ የሦስት ወር የቤት ኪራይዋን እንከፍላለን? የሕግ ዐዋቂ ከመካከላችን አቤቱታዋን ይጽፍላታል? ለታናናሾቿ ደብተር እንገዛለን? ክርስቲያን በሥራው ቦታ ብቻውን እውነተኛ እንዲሆን መጠየቅ ከባድ ነው፤ ማኅበር ከኋላው ሲቆም ግን ሸክሙ ይቀልላል። እንደዚሁም ምንጩ ከማይታወቅ ሀብት ላይ ለቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ብዙ ቆርቆሮ የሰጠውን በጭብጨባ ከተቀበልን፣ በእውነት ደኃ የሆነውን ደግሞ ካላየነው፣ ለታናናሾቻችን ምን እያስተማርን ነው? ዘኬዎስ ግማሹን ለድኆች ከመስጠቱ ጋር የበደላቸውን አራት እጥፍ እንደሚመልስ ቃል ገባ (ሉቃ. 19፥8)። ስጦታ ካሣን አይተካም።

፭. እኛ አሠሪ ስንሆን

ሠራተኛ ስለ መሆን ብቻ ብንናገር ትምህርቱ ጎዶሎ ይሆናል። ከመካከላችን ሱቅ የከፈተ፣ ሥራ ተቋራጭ የሆነ፣ በቤቷ የቤት ሠራተኛ የቀጠረች አለ። ቦዔዝ ወደ እርሻው በደረሰ ጊዜ አጫጆቹን በእግዚአብሔር ስም ሰላም ይላቸው ነበር፤ እነርሱም ይመርቁት ነበር (ሩት 2፥4)። ባዕድ የሆነችው ሩትም እንዳትዋረድ ጠበቃት፣ ከማዕዱም አበላት። ቅዱስ ያዕቆብ ደግሞ የተቀማው የአጫጆች ደመወዝ ወደ እግዚአብሔር እንደሚጮኽ ያስጠነቅቃል (ያዕ. 5፥4)።

በዓረብ አገሮችና በቤሩት በሰው ቤት የሚሠሩ እኅቶቻችን ደመወዝ ተከለከሉ፣ ፓስፖርት ተነጠቁ፣ ዕረፍት አጡ ሲባል እናለቅሳለን፤ ማልቀሳችንም ትክክል ነው። ከዚያው ጋር በገዛ ቤታችን ወጥ ቤት ያለችውን ልጅ እንመልከት። በእሑድ ቅዳሴ ታስቀድሳለችን? የማታ ትምህርት ትማራለችን? ደመወዟ በወሩ ይሰጣታልን? ስትታመም ማን ያሳክማታል? የምትጠራው በስሟ ነውን? በሩቅ ላለችው የምንጠይቀውን ፍትሕ በቅርብ ላለችው መስጠት የእኛ ድርሻ ነው።

፮. እምነታችን በሥራ ቦታ እንዴት ይታይ?

በሥራ ቦታችን ሙስሊሞች አሉ፤ ከሌላ ቤተ እምነት የመጡም አሉ። ማዕተባችንን አናፍርበትም፤ በጾም ቀን የጾም ምግብ መብላታችንን አንደብቅም። ዳሩ ግን የሥራ ጠረጴዛን የክርክር ዐውድማ ማድረግ አይገባም። ሙስሊሙ ባልደረባችን ለጁምዓ ሶላት ሲሄድ መስኮቱን ብንይዝለት፣ እርሱም በጥምቀት ተራችንን ቢይዝልን፣ ይህ መልካም ጉርብትና ነው። ስለ እምነታችን ቢጠይቀን በትሕትና እንመልስ። ካልጠየቀን ሥራችን ይናገር።

በተለይ የሚያስፈልገን ጥንቃቄ ወገንተኝነት ነው። «የሰንበት ትምህርት ቤታችን ልጅ ነውና ቅጠረው» ተብሎ ቢነገረን፣ ፈተናውን ያለፈው ሌላ ከሆነ ለሌላው መፍረድ አለብን። የወንድማችንን ማመልከቻ በማስተካከል፣ ፈተናውን በማስጠናት እንርዳው እንጂ የሌላውን ዕድል ቆርጠን አንስጠው። የዳንኤል ጠላቶች በመንግሥት ሥራው ላይ ምክንያት ፈልገው አጡበት፤ የሚከሱበት ያገኙት በጸሎቱ ብቻ ነበር (ዳን. 6)። በእኛም ላይ ከእምነታችን በቀር ሌላ መክሰሻ የማይገኝ ከሆነ፣ ያ ከብዙ ስብከት ይበልጣል።

፯. ለሚቀጥለው ሳምንት

ትምህርት በቃል ብቻ እንዳይቀር አራት ነገር እንለማመድ።

1. ሥራ ከመጀመራችን በፊት አማትበን አባታችን ሆይ እንድገም። ስናማትብ ዛሬ የምናገኘውን አንድ ከባድ ሰው በስሙ እናስብ።

2. በሰዓቱ ገብተን በሰዓቱ እንውጣ፤ የመሥሪያ ቤቱን ወረቀት፣ ስልክና መኪና ለግል ጉዳይ ከማዋል እንቆጠብ።

3. በቀን አንድ ጊዜ ከታዘዝነው በላይ እንሥራ፤ ለምሳሌ ፊደል ለማይለዩ ባለጉዳይ ማመልከቻ እንጻፍላቸው።

4. ማታ ከመተኛታችን በፊት ቀኑን እንመርምር። ኅሊናችንን የከበደው ነገር ካለ ሳይውል ሳያድር ለንስሐ አባታችን እንንገር፤ የሰው ገንዘብ ካለበትም እንመልስ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በምዕራፍ 4 የተጠቀሰችው እኅት ፈርማ ሃያው ደስጣ በሳምንቱ ቢገባ፣ ፊርማዋ እውነት ሆነ ማለት ይቻላልን? ለምን?

2. በአሞጽ 8 የተጠቀሱት ነጋዴዎችና በሥራ ሰዓት ለመሳለም የሚወጣው ሠራተኛ በምን ይመሳሰላሉ? በምንስ ይለያያሉ?

3. ለእውነት ብሎ ከሥራ ለሚታገድ አባል የሚሆን አነስተኛ መረዳጃ ሣጥን በሰንበት ትምህርት ቤታችን እንዴት ማቋቋም ይቻላል? ማን ይይዘዋል? ማንስ ይቆጣጠረዋል?

4. እያንዳንዳችን በሥራችን ላይ የሚያጋጥመንን አንድ ፈተና፣ የመሥሪያ ቤቱንም የሰውንም ስም ሳንጠራ፣ አቅርበን እንመካከር።

ሦስተኛውን ጥያቄ ከሌሎቹ ሁሉ አስቀድመን እንድንወያይበት እናሳስባለን። ፈተናው እስኪመጣ ከጠበቅን የምንሰበስበው ዘግይቶ ይደርሳልና። እግዚአብሔር አምላካችን የእጃችንን ሥራ ይባርክልን፤ በሥራ የደከሙትን ያበርታ፤ ሥራ አጥተው የሚንከራተቱትን እንጀራ ይስጥልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።